የዓይን ብርሃናቸውን ካጡ በኋላም ምርምራቸውን ያላቋረጡት ኬሚስት ሄንሪ ጊልማን

የጊልማን ሪኤጀንት የሚል ስያሜ የተሰጠው የመዳብና የሊቲየም ውህድ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪዎች ሁሉ የታወቀ ነው። ሪኤጀንት የሚባለው አንድን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ለመለወጥ ሲባል በሥራው ላይ የሚጨመር ውህድ ሲሆን፣ ይህኛው በተለይ አንዱን የካርቦን አቶም ከሌላው የካርቦን አቶም ጋር ለማገናኘት ያገለግላል። ስያሜውን ያገኘውም አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሄንሪ ጊልማን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ በ1952 ባሳተሙት ጥናት ምክንያት ነው። ጥናቱ ለኅትመት ሲበቃ የፕሮፌሰሩ አንድ ዓይን ፈጽሞ ከጠፋ፣ የሌላውም ብርሃን በአብዛኛው ከደከመ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ኬሚስትሪ ከምንም በላይ የዓይን ሙያ ነው። ባለሙያው ቀለም ሲለወጥ፣ ዝቃጭ ሲወርድ፣ የደፈረሰው ሲጠራ አይቶ ነው በብርጭቆው ውስጥ ምን እየተካሄደ እንዳለ የሚያውቀው። ፕሮፌሰር ጊልማን ግን ከአንድ ሺህ በላይ ከሚሆኑት የምርምር ጽሑፎቻቸው መካከል ከግማሽ የሚበልጡትን ያበረከቱት ይህ ዓይን ከተወሰደባቸው በኋላ ነው።

ሄንሪ ጊልማን እ.ኤ.አ ሜይ 9 ቀን 1893 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በልብስ ስፌት ሙያ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ ሄንሪ ከስምንት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በመግባትም እ.ኤ.አ በ1915 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በከፍተኛ ማዕረግ ተቀበሉ። በትምህርታቸው የመጨረሻ ዓመት ሮጀር አዳምስ ከተባሉ ወጣት መምህር ጋር ያካሄዱት ምርምር ልባቸውን ወደ ሙያው ሳበው። አዳምስ በኋላ በአሜሪካ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንጋፋ ሰዎች ከሚባሉት አንዱ ለመሆን የበቁ ናቸው።

የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ በ1918 ያገኙት በፕሮፌሰር ኤልመር ኮህለር መሪነት ነው። ኮህለር የማግኒዥየም ውህዶች ድርብ ትስስር ካላቸው ኬቶኖች ጋር ሲገናኙ በየትኛው የሞለኪውሉ ክፍል ላይ እንደሚያርፉ ለብዙ ዓመታት ያጠኑ ሰው ነበሩ። ይህ ጥያቄ ከደቀ መዝሙሩ ስም ጋር በሌላ መንገድ ተመልሶ እንደሚገናኝ በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

በተማሪነታቸው ዘመን ባገኙት የጉዞ ድጎማ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በዙሪክና በኦክስፎርድ የቆዩት ጊልማን፣ ፈረንሳዊውን ኬሚስት ቪክቶር ግሪኛርድን ለማግኘትም ዕድል ገጥሟቸው ነበር። ግሪኛርድ እ.ኤ.አ በ1912 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ማግኒዥየምን በደረቅ ኤተር ውስጥ ከካርቦን ውህድ ጋር በማጋጠም አዲስ ዓይነት ሪኤጀንት በመሥራታቸው ነው። ካርቦን ከብረት ጋር በተሳሰረ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል፤ ኤሌክትሮን ይበዛበትና የሚጣመረውን ሌላ ካርቦን መፈለግ ይጀምራል። መድኃኒትም ሆነ ቀለም ወይም ሽቶ ለመሥራት የካርቦን ሰንሰለት መቀጠል ግድ በመሆኑ፣ ይህ ዘዴ ለሙያው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሆኖ አገልግሏል። ግሪኛርድ የተጠቀሙት አንዱን ብረት ነው። ሌሎቹስ ብረቶች ምን ያደርጋሉ የሚለው ጥያቄ የጊልማን የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ።

ዶክተር ጊልማን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለአጭር ጊዜ ካስተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ በ1919 ወደ አዮዋ ግዛት ኤምስ ከተማ አቀኑ። በዚያ የሚገኘው የግብርናና የመካኒካል ሙያ ኮሌጅ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርቱን እንዲመሩ ኃላፊነት ሰጣቸው። በ30 ዓመታቸው ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን በቁ። አዮዋ የበቆሎና የአጃ አገር ነው። ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከአጃ ገለባ ፉርፉራል የተባለ ፈሳሽ ይገኛል፤ ከእርሱም ፉራን የሚባሉ ውህዶች ይሠራሉ። ፕሮፌሰሩም የአገሩን ትርፍ ምርት መነሻ በማድረግ በፉራን ኬሚስትሪ ላይ ረጅም ተከታታይ ጥናት አካሂደዋል።

ዋናው ሥራቸው ግን የብረቶቹ ነበር። ሊቲየም፣ ማግኒዥየም፣ ዚንክ፣ ሜርኩሪ፣ ቆርቆሮ፣ እርሳስ፣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ በየተራ ከካርቦን ጋር ተጣምረው በላቦራቶሪያቸው ተፈትሸዋል። ዓላማቸው የትኛው ብረት ኃይለኛ፣ የትኛው ለዘብተኛ እንደሆነ በንጽጽር ማስቀመጥ ነበር። ለዚህም መለኪያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ በ1925 ይፋ ያደረጉት የቀለም ፍተሻ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ከሚፈተሸው ፈሳሽ ጥቂት ተወስዶ ሚክለር ኬቶን ከሚባል ውህድ ጋር ይቀላቀላል፣ ውሃና አዮዲን ይጨመርበታል፣ ፈሳሹ ወደ ሰማያዊነት ወይም አረንጓዴነት ከተለወጠ ኃይለኛው ሪኤጀንት በውስጡ እንዳለ ይታወቃል። ፍተሻውን የፈለሰፉት ሰው የኋላ ኋላ ቀለሙን ለማየት የሌላ ሰው ዓይን ማስፈለጉ በሕይወታቸው ውስጥ ካሉት መራር እውነታዎች አንዱ ነው።

ሊቲየምን በተመለከተም ያበረከቱት አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሊቲየም በአንድ ውህድ ውስጥ ያለውን ብሮሚን ወይም አዮዲን ከቦታው አስለቅቆ እንደሚተካ የእርሳቸው ቡድን ደረሰበት። በጀርመን ጌኦርግ ቪቲሽ በራሳቸው መንገድ ከዚሁ ውጤት ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሊቲየም በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ውስጥ የዘወትር መሣሪያ ሊሆን ችሏል።

እ.ኤ.አ በ1929 ፕሮፌሰሩ ሩት ሾው የተባሉትንና ቀደም ሲል የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪያቸው የነበሩትን ወጣት አገቡ። እ.ኤ.አ በ1938 ደግሞ በዋና አዘጋጅነት የመሩት የላቀ ደረጃ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ታተመ። በርካታ ምሁራን የተሳተፉበት ይህ ሥራ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ጊዜ በዋቢነት አገልግሏል።

በመምህርነታቸው ጊልማን ቀላል ሰው አልነበሩም። ለተማሪው የምርምሩን መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተልመው አይሰጡም ነበር፤ ተማሪው ራሱ አስቦ፣ ራሱ ሞክሮ እንዲደርስበት ይጠብቃሉ። የዶክትሬት ትምህርቱ በሌላ ቦታ ከሚወስደው ጊዜ የበለጠ ሊወስድ ይችላል። በአንጻሩ ተማሪው ሲመረቅ ስሙ የሰፈረባቸው በርካታ የታተሙ ጥናቶች ይኖሩታል።

በአሜሪካ የዘር መድልዎ በሰፈነበት በዚያ ዘመን ጥቁር ተማሪዎችን ተቀብለው ለዶክትሬት ካበቁ ጥቂት መምህራን መካከልም ይቆጠራሉ። በፉራን ውህዶች ላይ የሠሩት ናትናኤል ካሎዌይ እ.ኤ.አ በ1933 በኮሌጁ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ በኋላም ሐኪም ሆነዋል። ሌላው ሳሙኤል ማሲ ናቸው። ማሲ በኋላ እንደተናገሩት፣ ወደ ኤምስ በመጡ ጊዜ የተሰጣቸው የሥራ ቦታ ነጮቹ ተማሪዎች ካሉበት ፎቅ ሳይሆን በምድር ቤት ውስጥ፣ ለሙከራ የሚያገለግሉ አይጦች ከሚቀመጡበት አጠገብ ነበር። ወደ ላይ የወጡት ብቃታቸውን ካስመሰከሩ በኋላ ነው። ስለሆነም የጊልማን ላቦራቶሪ ከዘመኑ በደል ፍጹም የጸዳ ነበር ማለት አይቻልም። ይሁንና በጦርነቱ ወቅት ማሲ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለውትድርና እንዲዘምቱ በተፈለገ ጊዜ በምርምር ቡድናቸው ውስጥ መድበው ያስቀሯቸው እኚሁ ፕሮፌሰር ናቸው። ማሲ እ.ኤ.አ በ1946 ዶክትሬታቸውን ተቀብለው፣ በ1966 በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሰር ለመሆን በቅተዋል።

ማሲ የተመደቡበት ሥራ የማንሃታን ፕሮጀክት አካል ነበር። በኤምስ በፍራንክ ስፔዲንግ የሚመራው ቡድን ንጹሕ የዩራኒየም ብረት ሲያመርት፣ የጊልማን ቡድን ደግሞ በቀላሉ ወደ ትነት የሚለወጥ የዩራኒየም ውህድ እንዲፈልግ ታዘዘ። ሁለቱን የዩራኒየም ዓይነቶች በትነት መልክ ለመለየት የሚያስችል ውህድ በብርቱ ይፈለግ ነበር። በርካታ አዳዲስ ውህዶች ተሠሩ። ጥናቱ በምስጢር ተይዞ ቆይቶ ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ በ1956 ነው። ፕሮፌሰር ጊልማን እ.ኤ.አ በ1945 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በሥራቸው ከፍታ ላይ ሳሉ ያልታሰበ ደረሰባቸው። እ.ኤ.አ በ1947፣ በ54 ዓመታቸው፣ በግላኮማና በሬቲና መላቀቅ ሳቢያ አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ የሌላውም ማየት በአብዛኛው ተወሰደ። ግላኮማ በዓይን ውስጥ ያለው የፈሳሽ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ በማለቱ የዕይታ ነርቭን የሚጎዳ ሕመም ነው። ሬቲና ደግሞ ብርሃን የሚያርፍበት የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ሲሆን፣ ከቦታው ከተላቀቀ ቶሎ ካልታከመ በስተቀር ማየት ያቆማል። በዘመኑ የነበረው ሕክምና ዓይናቸውን ሊያድንላቸው አልቻለም።

በዚህ ጊዜ ሥራቸውን ቢተዉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ስማቸው ተተክሏል፣ መጽሐፋቸው በየትምህርት ቤቱ ይነበባል፣ የክብር አባልነቱም ተገኝቷል። እርሳቸው ግን ሥራውን ለመቀጠል ወሰኑ። ባለቤታቸው ሩት የሚነበበውን እያነበቡላቸው፣ የሚጻፈውንም እየጻፉላቸው ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ዓይን ሆነውላቸዋል። ለዚህ ሥራ ሩት የነበራቸው ዝግጅት ቀላል ግምት የሚሰጠው አልነበረም፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን የተማሩት ከባለቤታቸው ዘንድ በመሆኑ የሚያነቡት ጽሑፍ እንግዳ አልሆነባቸውም። በላቦራቶሪው ውስጥም ተማሪዎቹ ያዩትን በቃል ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። ውጤትን በትክክል መናገርና መመዝገብ ለእነርሱ የማይታለፍ የሥራ ደንብ ነበር።

በስማቸው የሚጠራው የመዳብ ሪኤጀንት የተገኘው በዚህ ዘመን ነው። መዳብን ከካርቦን ጋር የማጣመር ሙከራ ግን በላቦራቶሪያቸው ቀደም ብሎ የተጀመረ ነበር። እ.ኤ.አ በ1936 ከስትሬሊ ጋር ባወጡት ጥናት የግሪኛርድን ሪኤጀንት ከመዳብ አዮዳይድ ጋር በማገናኘት የመዳብ ውህድ ማግኘታቸውን ገልጸዋል። እነዚህ ውህዶች በቀላሉ የሚበላሹና በኤተር የማይሟሙ በመሆናቸው ብዙም ጥቅም የሚሰጡ አልመሰሉም።

እ.ኤ.አ በ1952 ጊልማን ከጆንስና ከዉድስ ጋር ባሳተሙት ጥናት ሜትል ሊቲየም የተባለውን ውህድ በመዳብ ጨው ላይ ሲጨምሩ በቅድሚያ ቢጫ ዝቃጭ ተፈጠረ። ይህ ሜትል ኮፐር የሚባለው ነው። ሆኖም ያንኑ ያህል ሜትል ሊቲየም በድጋሚ ሲጨመርበት፣ አልሟሟም ብሎ የነበረው ዝቃጭ ጠፍቶ ፈሳሹ ጠራ። አንድ የመዳብ አቶም ሁለት የካርቦን ቡድኖችን ይዞ፣ ሊቲየም በአጠገቡ የሚገኝበት አዲስ ውህድ ተፈጥሯል ማለት ነው። ዛሬ ሊቲየም ዳይሜትል ኩፕሬት ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው። የዝቃጩን መጥፋት በተሟላ ዓይን ለማየት ያልታደሉት ፕሮፌሰር ትርጉሙን ተረድተው በጽሑፍ አሰፈሩት።

አዲሱን ውህድ ልዩ የሚያደርገው ጠባዩ ነው። ሊቲየም ብቻውን እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል። መዳብ ሲጨመርበት ይለዝባል፤ መርጦ የሚሠራም ይሆናል። ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ካርቦን ከጎኑ ድርብ ትስስር ያለው አንድ ሞለኪውል ቢኖር፣ ሊቲየም ወደ ኦክስጅኑ ጎረቤት ሲያመራ፣ የመዳቡ ውህድ ግን በድርብ ትስስሩ ሩቅ ጫፍ ላይ ያርፋል። የጊልማን መምህር ኮህለር በወጣትነት ዘመናቸው ያጠኑት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ መዳብ ምርጫውን በኬሚስቱ እጅ አስገባው። ከዚህም በተጨማሪ ሪኤጀንቱ ብሮሚን ወይም አዮዲን ያለበትን ካርቦን ከሌላ ካርቦን ጋር በቀጥታ ያገናኛል።

ነገሩን የሚያስደንቀው ፕሮፌሰሩ ራሳቸው በግኝቱ ብዙ አለመግፋታቸው ነው። በየዓመቱ በርካታ ጥናቶች ከሚወጡበት ላቦራቶሪ አንዱ ሆኖ ታትሞ፣ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል የሚገባውን ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። ካራሽ እና ቶኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1941 ጥቂት የመዳብ ጨው በግሪኛርድ ሪኤጀንት ላይ ሲጨመር ውጤቱን እንደሚለውጥ አሳይተው የነበረ ሲሆን፣ ምክንያቱ ግን በውል አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ በ1966 ኸርበርት ሃውስ፣ ዊልያም ሬስፔስ እና ጆርጅ ዋይትሳይድስ ሥራውን የሚሠራው ጊልማን ያገኙት ዓይነት የመዳብ ውህድ መሆኑን አመለከቱ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ኤልያስ ኮሪ እና ጋሪ ፖስነር የካርቦን ሰንሰለቶችን በዚሁ ሪኤጀንት መቀጠል እንደሚቻል በተግባር አሳዩ። ኮሪ እ.ኤ.አ በ1990 ለአጠቃላይ የኦርጋኒክ ቅመራ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ከዚያ ወዲህ የመዳብ ሪኤጀንቶች ቤተሰብ እየሰፋ ሄዷል። በሰውነት ውስጥ የሚገኙትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በላቦራቶሪ ለመሥራት ከተመረጡት መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን የደም መፍሰስ ለመከላከል ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል የተባለው መድኃኒት ሲፈበረክም የሞለኪውሉ የጎን ሰንሰለት የሚገጠመው የጊልማን ሪኤጀንት ዘመድ በሆነ የመዳብ ውህድ አማካኝነት ነው።

ሪኤጀንቱ እንከን የለሽ አይደለም። አየርና እርጥበት ያበላሹታል፤ በመሆኑም በናይትሮጅን ወይም በአርገን ተሸፍኖ፣ በበረዶ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ እንደ አዲስ ይዘጋጃል። ከያዛቸው ሁለት የካርቦን ቡድኖችም አብዛኛውን ጊዜ ለሥራው የሚውለው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው በከንቱ ይቀራል። ይህ ቡድን ውድ በሆነ ጊዜ ተመራማሪዎች በምትኩ ርካሽ ቡድን ማስገባትን ተምረዋል።

ፕሮፌሰር ጊልማን በበኩላቸው በእነዚያ ዓመታት ፊታቸውን ወደ ሲሊከን አዙረው ነበር። የሲሊከን አቶሞች እንደ ካርቦን እርስ በርስ ተያይዘው ሰንሰለትና ቀለበት የሚሠሩባቸውን ውህዶች በስፋት አጥንተዋል። በዚህም የተነሣ በሲሊከን ኬሚስትሪ ዘርፍ የሚሰጠው የፍሬድሪክ ስታንሊ ኪፒንግ ሽልማት እ.ኤ.አ በ1962 ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሳቸው ሆኑ። የጡረታ ዕድሜያቸው ቢደርስም ላቦራቶሪያቸውን አልዘጉም፤ በምርምር ሥራ እስከ 1975 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ ቆይተዋል። በዚያን ጊዜ 82 ዓመታቸው ነበር።

የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ በዚያው ዓመት የውጭ አባል አድርጎ መረጣቸው። እ.ኤ.አ በ1977 ደግሞ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ከሚሰጣቸው ሽልማቶች ሁሉ የላቀው የፕሪስትሊ ሜዳሊያ ተበረከተላቸው። የኖቤል ሽልማት ግን አላገኙም። የአንድ ብቸኛ ታላቅ ግኝት ባለቤት ከመሆን ይልቅ ሰፊ መስክ የመነጠሩ ሰው በመሆናቸው፣ ከኋላቸው የመጡት በተመነጠረው መሬት ላይ ዘርተው አጭደዋል።

ሄንሪ ጊልማን እ.ኤ.አ ኖቬምበር 7 ቀን 1986 በኤምስ ከተማ በ93 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከስድሳ ዓመታት በላይ የኖሩባት ከተማ የሚገኘው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሕንፃ ገና በሕይወት ሳሉ ጊልማን ሆል ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል።